አሥራ አራት ጊዜ

ማክሰኞ ማታ፣ ዊኒፔግ፣ ብርዱ ሠላሳ አንድ ወርዶ፣
የክፍሉ ማሞቂያ ያስላል፣ መስኮቱን ሸፍኖት በረዶ።
መምህርት ፍሪዘን ገባች፣ መነጽሯ ጉም እንዳዘለ፤
«ግጥም ነው» ብላ አደለችን፤ ከኋላዬ አንዱ ሣቅ አለ።

ግጥም? ይህ? ይህማ ዘፈን ነው፣
ከገበያ አዳራሹ ጣራ፣ ከዶሮው ፍሪጅ በላይ የሚፈሰው፣
ዋጋ ሳወዳድር በጆሮዬ ገብቶ፣ ሳላዳምጥ የምሰማው፣
ልጄ ኤፍራታ ገላዋን ስትታጠብ
ግማሹን ቃል ውሃ የሚበላው።

ቆጠርሁ። «ስቴይ» የሚለው አሥራ አራት ጊዜ ተጽፏል።
አባቴ ቅኔ ቆጣሪ ነበር፤ ቃል ሲመላለስ ይከፋዋል፤
«ቃል የሚደግም» ይል ነበር፣ «ሌላ ምን ይሆናል፣ ቸግሮት ነው።»
እኔም ይህን ይዤ እርሳሴን ቀረጽሁ፣ ልተቸው።

ሌስተር ሻርትራንድ ተነሣ፣ ያ ከኋላዬ የሣቀው፤
ሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ ሌሊት በረዶ ጠራጊ የሚነዳው፤
ወረቀቱን ፖሊስ እንዳስቆመው ሰው ዘርግቶ ያዘው።

«መኪናሽ ተነሥቷል፣ መብራቱ በርቷል፣
መስታወቱን ግን ብርድ አሳውሮታል፤
እሱ እስኪሟሟ ብቻ፣ ስቴይ፣
እስኪሟሟ፣ ስቴይ፣ ስቴይ...»

ዜማ የለ፣ ከበሮ የለ፤ እንደ ቤት ኪራይ ውል ያነበዋል።
ስድስተኛው ላይ ድምፁ ወፈረ።
ዘጠነኛው ላይ ቆመ፤ ውሃ ሳይኖር ዋጠ፤ ጣራውን አየ።
አሥራ አራቱንም ጨረሰ፤ አንድም አላስቀረ።
ማንም አልጠየቀው። ፍሪዘን ሰሌዳው ላይ የጻፈችውን ጥያቄ
በእጅጌዋ ጠረገችው።
አባቴ ልክ ነበር፤ ቸግሮት ነው።

የቤት ሥራ፦ «ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋችሁ መልሱት።»
ቀላል ነው ብዬ ጀመርሁት።
«ቆዪ» አልሁ፤ ቆዪማ አጭር ናት፣ ሻይ እስኪፈላ፣ ዝናብ እስኪያባራ። ሰረዝሁ።
«አትሂጂ» አልሁ፤ እሱ ደግሞ በር ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው ነው። ሰረዝሁ።
«ቅሪ» ብዬ ጻፍሁና
እርሳሱ ቆመ።

ቅሪ፦ እዚሁ፣ ከኔ ጋር፣ መሽቷል፣ ቦትሽን አውልቂ።
ቅሪ፦ አትምጪ፣ ይለፍሽ፣ ያላንቺም ይሆናል፣ እወቂ።
አንዲት ፊደል ሳትነካ በር ይከፍታል፣ ያንኑ በር ይዘጋል።
ሌስተር ሚስት ትኑረው፣ ነበረችውም እንደሁ፣ አላውቅም፤
ግን እሱ የመጀመሪያውን ሲል
እሷ ሁለተኛውን ሰምታ ቢሆንስ?
ዘፋኟ ልጅ ይህን አላለችም፤ እንግሊዝኛዋም አይልላትም፤
እኔ ነኝ በጓሮ ያስገባሁት፣ ከገባ ወዲያ ግን አልወጣም።
ፍሪዘን አማርኛ አታነብም፤ ለእጅ ጽሕፈቴ ይሆናል፣
ቢ ማይነስ ሰጠችኝ።

በሳምንቱ ዶሮው ጋ ስደርስ ያው ዘፈን ከጣራው መጣ፤
ዜማው እያዳፋ ወሰደው፤ ቃሉ መቆሚያ አጣ።

ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ በረዶ ጠራጊ በሠፈራችን አለፈ፣
ብጫ መብራቱ ግድግዳዬን ዳሰሰ።
ሌስተር ይሁን ሌላ፣ እንጃ። መንገዱን ከፈተው፤
የገፋውን በረዶ ግን የኤፍራታ መኪና አፍ ላይ ከመረው።

ጠዋት ሻንጣዋን ጭናለች፤ ካልጋሪ ሥራ አግኝታለች፤
ሞተሩን አስነሥታ መስታወቱን ትፍቃለች።
በመስኮት አያታለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነው፤
የትኛውን እንደምትሰማ ግን ማን ያውቃል?

ጓንቴን አጠለቅሁ። ሁለተኛውን አካፋ አነሣሁ።